የአዋላጇ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ድምፆች

ፋርማሲስቷ ሐኪም ለመሆን ሁለት ነጥብ ጎድሏት የቀረች ሴት ነበረች። እሷ ይህን ጉዳይ ለማንም አንስታ አታውቅም። እናቷ ግን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታወራለች። «ሁለት ነጥብ እኮ ነው» ትላለች፣ ሁለት ጣቷን ወደ ላይ አንስታ፣ ልጇን ያሞገሰች እየመሰላት። እንግዳው አንገቱን ይነቀንቃል፤ ፋርማሲስቷ ሻይ ላፍላ ብላ ትነሳለች።

ስለዚህ ታናሽ ወንድሟ ያገባት ልጅ በቅጽል ስሟ «ዶክተር» የምትባል ሆና ስትገኝ፣ ነገሩ ገና ከበር ጎረበጣት። ልጅቷ የስልክና የኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። የሞተ ስልክ ስለምታስነሳ ደንበኞቿ ናቸው ስሙን ያወጡላት። ወንድሟ ሊያስተዋውቃት ቤት ያመጣት ዕለት እናት ከት ብላ ስቃ፣ «ይኸው ሐኪም በእግሯ ቤታችን ገባች» አለች። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ፋርማሲስቷም አብራ ሳቀች።

እናትየዋ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ስታዋልድ ኖራ አሁን እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ጉልበቷም ደረጃ አይወድም። የምትኖረው ከትልቋ ልጇ ጋር ነው። ፋርማሲስቷ አላገባችም። ጠዋት ከሥራ በፊት የእናቷን የደም ግፊት ትለካለች፤ የሳምንቱን ክኒን ሰባት ክፍል ባለው ሳጥን ደርድራ ታስቀምጣለች፤ ስትመለስ ሳይዋጥ የቀረ እንዳለ ታያለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አዛንፋ አታውቅም።

ዶክተር የምትመጣው እሑድ እሑድ ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ወር አማቷን «እርስዎ» ትል ነበር። በሦስተኛው ወር «አንቺ» ሆነ፤ ከዚያ «እማዬ» ተከተለ። እንደዚያ በይኝ ያለቻት ራሷ እናትየዋ ናት። «እኔ እማዬ ለማለት ዘጠኝ ወር ሆዷ ውስጥ ተኝቻለሁ» አለች ፋርማሲስቷ በልቧ፤ «እሷ በሦስት ወር ጨረሰችው።»

አንድ እሑድ ዶክተር እግሯን ሶፋው ላይ አጥፋ ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ መጀመሪያ ያዋለድሽው ልጅ ትዝ ይልሻል?» ብላ ጠየቀች። እናት ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራች። መብራት ጠፍቶ በእጅ ባትሪ ስለተወለዱ መንትዮች፣ ምጥ ሲጠናባት የአዋላጇን ክንድ ስለነከሰች መምህርት፣ ሚስቱ ስትወልድ ራሱን ስቶ ወድቆ አልጋ ስለተሰጠው ባል። በሚቀጥለው እሑድ ዶክተር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቀዩን ምልክት መጫን አስተማረቻት። «እጅሽ መጻፍ እምቢ ካለ አፍሽ ይጻፍ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ እናት ብቻዋን ክፍሏ ገብታ መቅዳት ጀመረች። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ድምፆቹ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ደረሱ።

ሁሉም «ስሚ፣ ልጄ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ልጄ የምትለው ዶክተርን ነው።

ፋርማሲስቷ ይህን ያወቀችው ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነጭ ጋዋኗን ስትተኩስ ነው። የእናቷ በር ገርበብ ብሏል። «ስሚ፣ ልጄ» አለች እናት ለስልኩ፣ «ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ትልቋን ልጄን የወለድኳት ብቻዬን ነው። የሰው ሁሉ አዋላጅ ሆኜ ለራሴ አዋላጅ ያጣሁ ቀን…» ፋርማሲስቷ ካውያውን እንደያዘች ቀረች። ስለ ራሷ መወለድ አንድም ቀን ተነግሯት አያውቅም፤ አሁን ለሌላ ሰው ሲነገር በር ላይ ቆማ ትሰማለች። የጨርቅ ሽታ ሲያባንናት የጋዋኗ እጅጌ ነዶ ነበር።

ዶክተር ነገር የሚገባት ሰው ናት። ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ውሃ ይገባዋል ብላ፣ በእናት ክፍል ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ባክአፕ የሚያደርግ ፕሮግራም ጫነች። በየምሽቱ ስልኩና ላፕቶፑ ይገናኛሉ፤ አዲስ የተቀዳ ነገር ካለ ወደ ላፕቶፑ ይገለበጣል። «የአንቺ ሥራ ማውራት ብቻ ነው» አለቻት አማቷን። «እዚህ ፕሮግራም ውስጥ ግን አደራ ማንም እንዳይገባ። ሴቲንጉ እኔንም ያደናግረኛል።» አደራውን እናት ለልጇ ነግራት እንደሆነ እንጃ። ብትነግራትም ፋርማሲስቷ ዶክተር ያለችውን ሁሉ የመስማት ልማድ አልነበራትም።

ቅዳሜ ፋርማሲስቷ ግማሽ ቀን ነው የምትሠራው። አንድ ቅዳሜ ስትገባ እናቷ ስልኩን ዘረጋችላት።

«ቦታ ሞልቷል ይለኛል። ለዶክተር ደውይልኝ እስቲ።»

«እኔ እያለሁ?» አለች ፋርማሲስቷ። «የሳምንት ክኒን የማደላድል ሰው ስልክ ማቃለል ያቅተኛል?»

«እንዳታበላሺብኝ ብዬ ነው።»

«አንቺ ጋደም በይ፣ እማዬ። ስትነቂ አልቆ ታገኚዋለሽ።»

እናት ከምሳ በኋላ እንደ ልማዷ ተኛች። ፋርማሲስቷ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ ፊቱ ተቀመጠች። ጥንቁቅ ሰው ናትና ከስልኩ ላይ አንድም ነገር ከማጥፋቷ በፊት ድምፆቹ ላፕቶፑ ላይ መኖራቸውን ማረጋገጥ ፈለገች። አሉ። ላፕቶፑ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣ ስልኩ ላይ ሁለት መቶ ስድስት። አምስቱን እናት ሳታውቅ ከስልኩ አጥፍታቸዋለች። በፕሮግራሙ መስኮት ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ቢጫ ሦስት ማዕዘን በርቷል፦ «ሁለቱ ወገኖች አልተመሳሰሉም።»

ፋርማሲስቷ ልቧ ዘለለ። ዶክተር ሥራዋን ሳትጨርስ ነው የሄደችው ማለት ነው። እጀ ወርቅ ስትባል የከረመችው ልጅ ይኸው አንድ ነገር አጉድላ ተገኘች። ፋርማሲስቷ እናቷ ስትነቃ የምትለውን ቃል ሳይቀር አሰበችው፤ «ዶክተርሽ የረሳችውን አስተካከልኩልሽ» ልትላት።

ሴቲንጉን ከፈተች። ሦስት ምርጫ አለ፦ «ጨምር»፣ «አመሳስል»፣ «አዛምድ»። ምልክቱ ያለው «ጨምር» ላይ ነው። ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ማብራሪያ ከምርጫዎቹ የባሰ ነበር፦ «በምንጩ ያልተገኘ ይዘት ከመድረሻው እንዲወገድ ይደረጋል።» ሁለቴ አነበበችው። ምንጩ የቱ ነው? መድረሻውስ? ማሽኑ አልተመሳሰሉም ይላል፤ መድኃኒቱም «አመሳስል» ተብሎ ፊቷ ተቀምጧል። እሱን መረጠች። ከሱ በታች «ቦታ ለመቆጠብ የተወገዱትን አታስቀምጥ» የሚል ሳጥን ነበር፤ ፕሮግራሙ ራሱ ቀድሞ ምልክት አድርጎበታል፤ አልነካችውም። እሺ የሚለውን ተጫነች። ቢጫው ጠፍቶ አረንጓዴ በራ። «ሁሉም ነገር ደህና ነው» ይላል።

በዚያች ቅጽበት አምስቱ ድምፆች ከላፕቶፑ ጠፍተዋል። ደግማ ብትቆጥር ታየው ነበር፤ አረንጓዴ ካየች በኋላ ግን ማን ይቆጥራል። ስልኩን አንስታ ሁለት መቶ ስድስቱንም አጠፋች። የስልኩን የቆሻሻ ቅርጫት ሳይቀር ጠራርጋ አጸዳች። እናት ስትነቃ ስልኩ እንደ አዲስ ቀሎ አገኘችው። «እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። ፋርማሲስቷ ያን ምሽት እያዜመች ዕቃ አጠበች፤ ስልኩና ላፕቶፑም እንደ ልማዳቸው ተገናኙ። ስልኩ ባዶ ነው። ላፕቶፑ እንደታዘዘው ራሱን ከስልኩ ጋር አመሳሰለ።

እሑድ ከሰዓት እንግዳ ነበር። ያቺ አዋላጇን የነከሰችው መምህርት በሕይወት የለችም፤ ልጇ ግን አድጋ፣ አግብታ፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ የራሷን መወለድ ልትሰማ መጣች። ዶክተርና ባሏም መጥተዋል።

«እማማ፣ እርስዎ ሲያወሩት እንደሚያስቅ ሰምቻለሁ» አለች እንግዳዋ።

«እኔ ምኑን አወራዋለሁ፤ ተቀድቶ ተቀምጧል» አለች እናት በኩራት። «ዶክተር፣ ክፈቺላት።»

ዶክተር ስልኩን አነሳች። ከዚያ ላፕቶፑን ከፈተች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፎልደሩ ባዶ ነው። የቆሻሻ ቅርጫቱም ባዶ ነው። ሁለት ደቂቃ ያህል ስትነካካ ቆይታ ላፕቶፑን ድርግም አድርጋ አጠፋችው።

«ማንም እንዳያበራው» አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «የሉም፣ እማዬ። ከሁለቱም ላይ የሉም።»

እናት እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየቻቸው። «አይጠፋም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «አደራ ያልኩት እኮ አንቺን ነው።»

ወንድምየው ደግሞ ጨመረበት። «የባዕድ ስልክ ስታስነሺ ውለሽ የእናቴን ትገድያለሽ?»

ዶክተር ላፕቶፑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ነፍሰ ጡሯ ቦርሳዋን ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች።

ፋርማሲስቷ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከሁሉ በፊት የመጣባት ደስታ ነው። እናቷ ዶክተርን እንደ ባዳ ስታያት አየች፤ ይህን ለማየት ዓመት ከመንፈቅ ስትጠብቅ እንደኖረች ያወቀችው ያኔ ነው። ደስታው አንድ ጉንጭ ሻይ የሚጠጣበትን ጊዜ እንኳ አልቆየም። የትናንቱ አረንጓዴ ምልክት ትዝ አላት። ስኳር ረሳሁ ብላ ተመለሰች፤ ያን ዕለት ምንም አልተናገረችም።

ሰኞ እናት ቁርሷን አልነካችም። ፋርማሲስቷ በምሳ ሰዓት ወደ ዶክተር ሱቅ ሄደች። የሄደችው ለማገዝ አይደለም፤ ማሽኑ ምን እንደሚናገር ለማወቅ ነው። ሱቁ ከጫማ ሰፊና ከፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በረንዳ ላይ ይቆማል። ግድግዳው በትናንሽ መሳቢያዎች ተሞልቷል፤ የቀለጠ ቆርቆሮ ይሸታል።

«ነይ እትዬ፣ ተቀመጪ» አለች ዶክተር፣ የሰው ቻርጀር ከወንበሩ ላይ አንስታ። የእናትን ላፕቶፕ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝታዋለች። «ፋይል ሲጠፋ ወዲያው አይሞትም። ስሙ ነው ከመዝገብ የሚፋቀው። ሌላ ነገር እላዩ ላይ እስኪጻፍበት ድረስ ቦታው ላይ አለ። ቶሎ ያጠፋሁት ለዚህ ነው። ጥቂቱን አተርፍ ይሆናል።»

ከዚያ ስክሪኑን ወደ ፋርማሲስቷ አዞረችው።

«ይሄ ደግሞ ፕሮግራሙ የዋለበትን የሚጽፍበት ነው። አመሳስል የተባለው ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ እዚህ ነበርኩ። እማዬ ደግሞ ተኝታ ነበር።»

ፋርማሲስቷ አንገቷን ደፋች። «ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም። አልነግራትምም።» ዶክተር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ምራት ነኝ፤ በምራት ቢሳበብ ለማንም አይከብድም። አንቺና እሷ ግን አንድ ጣራ ሥር ናችሁ። ነገም ትተያያላችሁ።»

ፋርማሲስቷ ማመስገን ነበረባት። በፈንታው ዶክተር የወሰደችባትን መቁጠር ያዘች። ታሪኩን ወሰደች፣ «ልጄ» መባሉን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ይዛባት ልትሄድ ነው። ዕድሜ ልኳን የዚህችን ልጅ ውለታ ተሸክማ እሑድ እሑድ ሻይ ልትቀዳላት ነው።

«ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይደለም» አለች ዶክተር። «አንቺ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚጠጣና የሚቀባ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ትሰጫለሽ?»

«አልሰጥም።»

«ለምን?»

«ሰው ይሞታላ።»

«ይሄን የሠራው ሰውዬ ሰጥቷል። አንዱ ቃል ያስቀምጣል፣ አንዱ ያጠፋል፤ ሁለቱም ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀለም። ሊያጠፋ ሲልም አጠፋለሁ አይልም፤ ‹እንዲወገድ ይደረጋል› ነው የሚለው። አጥፍቶ ሲጨርስ አረንጓዴ ያበራል። እማዬን የመሰለች ሰው፣ አንቺን የመሰለች ሰው ይሄን ትክፈተው ብዬ መተው አልነበረብኝም። መቆለፍ እችል ነበር። ሌላ ቦታም አንድ ቅጂ ማኖር ነበረብኝ። የእኔን ጥፋት እኔ አውቀዋለሁ።»

ፋርማሲስቷ ንግግሩ ውስጥ አንድ ስህተት ፈልጋ አጣች። ይህም አበሳጫት።

ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። ጽድቅ አልነበረም የገፋፋት። ዶክተር በእሷ ፈንታ ስትወቀስ መኖሯን አልቻለችውም፤ መወቀሱንም ቢሆን ልትነጥቃት ፈለገች።

«እማዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ነው። ሴቲንጉን ነክቼ ነው።»

እናት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች። «ለዶክተር ደውይ ስልሽ ለምን አልደወልሽም?»

«ቀንቼ ነው።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን አስደነገጣት።

«በማን?»

«በማን ይሆናል? በእሷ ነዋ። ስሚ ልጄ የምትያት እሷን ነው። እኔን እንዴት እንደወለድሽኝ እንኳ ለእሷ ነው የነገርሽው። በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት፣ እማዬ።»

«እሷ ጠየቀችኝ» አለች እናት። «አንቺ ስትገቢ ክኒንሽን ዋጥሽ ነው የምትይኝ። እሱንም እግዜር ይስጥሽ፤ በሕይወት ያለሁት በአንቺ ነው። ግን አንቺ ክኒኔን ስትቆጥሪ እሷ ያዋለድኳቸውን ቆጠረችልኝ።»

«ደክሞኝ እኮ ነው የምመጣው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።»

ይቅርታ በዚያ ቀን አልመጣም። እናት መጀመሪያ ያደረገችው ለዶክተር መደወል ነው። «በማታውቂው ወቅሼሻለሁ፣ ልጄ፣ እግርሽ ሥር ነኝ» ስትል ፋርማሲስቷ ኮሪደሩ ላይ ሆና ሰማች። እውነት መናገሯም ለዶክተር ጠቀመ። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ቀን እናት ከልጇ ጋር የተነጋገረችው የግድ የሆነውን ብቻ ነው። ግፊቷ ሲለካ ክንዷን ትዘረጋለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ መለኪያው ክንዷ ላይ ተጠምጥሞ እያለ፣ እናት ሳትጠየቅ ተናገረች። «ዝናብ ነበር። የጎረቤት ሰው የለም፤ አባትሽ ሥራ ነው። እትብትሽን የቆረጥኩት በራሴ መቀስ ነው። ፈርቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ፈራሁ። ሌላ ሰው ሲወልድ ምን እንደሚሰማው የገባኝ በአንቺ ነው።» ከዚያ መለኪያውን አየች። «ስንት ሆነ?»

«ደህና ነው» አለች ፋርማሲስቷ። ቁጥሩን አላየችውም ነበር።

ዶክተር ላፕቶፑን ይዛ የመጣችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከሁለት መቶ አሥራ አንዱ ሰማንያ ሰባቱ ተርፈዋል። ጥቂቶቹ መሐል ላይ ይቆረጣሉ። የመምህርቷ ታሪክ የተገኘው ከግማሹ ወዲህ ነው፤ የሚጀምረው በእናት ሳቅ ነው፤ ነፍሰ ጡሯ እሱኑ ወሰደች። ትልቋ ልጅ የተወለደችበት አልተገኘም። እናት እሱን ደግማ አልቀዳም አለች።

ዶክተር በዚህ ጊዜ ነገሩን በሦስት ቦታ አደረገችው። ላፕቶፑ ላይ አንድ፣ ትራስ ሥር በሚገባ ትንሽ ዲስክ ላይ አንድ፣ በራሷ ሱቅ ደግሞ አንድ። ሴቲንጉን በቁልፍ ቆለፈች። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ለፋርማሲስቷ ሰጠቻት።

«በሽተኛ የሚገባውን ቃል የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ስጽፈው ያው እንደ ሰውዬው ይሆንብኛል።»

ፋርማሲስቷ መድኃኒት ሣጥን ላይ እንደምትጽፈው በትልልቁ ጻፈች። «‹ጨምር› ያስቀምጣል። ምንም አያጠፋም።» ከሥሩ በቀይ፦ «‹አመሳስል› ያጠፋል። ከስልክ የጠፋ ከዚህም ይጠፋል፤ አይመለስም።» ዶክተር አነበበችው፤ «ያጠፋል» የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ወረቀቱን አባዝታ ባክአፕ ለምታደርግላቸው አዛውንቶች ሁሉ ማደል ጀመረች። ለፕሮግራሙ ሠሪዎችም ሁለቱ አብረው ደብዳቤ ጻፉ፤ ሦስት ጊዜ ተጨቃጭቀውበታል። «አስተያየትዎ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ከወራት በኋላ ፕሮግራሙ ሲታደስ ምርጫዎቹ ያው ጎን ለጎን፣ ያው በአንድ ቀለም ነበሩ፤ ብቻ አሁን ከማጥፋቱ በፊት ስንት ፋይል እንደሚያጠፋ ተናግሮ ይጠይቃል።

የጠፉትን እናት እሑድ እሑድ እንደገና መቅዳት ያዘች። አሁን ሁለቱም ይቀመጣሉ። ፋርማሲስቷ እሑድን ለእረፍት ነበር የምታውለው፤ ትታዋለች። ዶክተር ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ስትቀመጥ፣ እናትም ወደ እሷ ዞራ ስትስቅ፣ ያ ነገር ዛሬም ደረቷ ላይ ይመጣል። ሲመጣ ታውቀዋለች፤ ሻይ ላፍላ ብላ ግን አትነሳም።

አንድ እሑድ እናት ራሱን ስቶ ስለወደቀው ባል እያወራች፣ ሰውዬው የወደቀው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው አለች።

«በፊት ነው፣ እማዬ» አለች ዶክተር። «ባለፈው ስትነግሪኝ ገና ጓንትሽን ስታደርጊ ነው የወደቀው ብለሽኛል።»

«ተያት ትናገር» አለች ፋርማሲስቷ፣ ከፈለገችው በላይ ቆጣ ብላ። «አንቺ ሰምተሽዋል። እኔ ገና አሁን ነው የምሰማው።»

ዶክተር ሶፋው ላይ ደገፍ አለች። ስልኩ መቅዳቱን ቀጥሏል። እናት ሁለቱንም አየቻቸው፤ ወደ ትልቋ ልጇ ዞር ብላ፣ ሰውዬው ሲወድቅ አንድ ባልዲ ውሃ እንዴት ይዞ እንደወረደ በእጇ እያሳየች ቀጠለች።